ሳይጣበቅ የሚቀመጥ ወለል

የጋራዡ በር ወደ ላይ ተስቦ፣ ሁለቱ መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው፣ የቤቱ ኮተት በሙሉ ሣሩ ላይ ተሰጥቷል። የክረምት ጎማ፣ የልጆች ብስክሌት፣ የበርበሬ ከረጢት፣ የታጠፉ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ባዶው ጋራዥ ውስጥ የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩ ካርቶኖችና አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው፣ ከኋላው ጥግ ተነሥቶ ወደ በሩ የሚወርደውን ስንጥቅ በዝግታ ይከተላሉ። መሀል ሲደርሱ ቁጢጥ አሉ፤ ከኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው ስንጥቁ ላይ አቆሙና አዩት።

«ይሄ ዝም ብሎ የተሰነጠቀ አይደለም» አሉ ለልጃቸው። «አንዱ ወገን ተነሥቷል። የሲሚንቶ በሽታ አይደለም፣ የአፈር ነው።»

ቦታው ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ነው። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ምርቃት ሊያዩ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በፎርማንነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው የጭነት መኪና ይነዳል። ትልቋ ልጅ በወሩ መጨረሻ ከሁለተኛ ደረጃ ትመረቃለች፤ ድግሱ የሚደገሰው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ስለዚህም ነው ካርቶኖቹ የተገዙት። በውስጣቸው ያለው አንዱ ከሌላው ጋር እየተሰካካ የሚነጠፍ የፕላስቲክ ታይል ነው። ሙጫ የለውም፣ ስሚንቶ የለውም፣ ሚስማር የለውም። ሽማግሌውን ያሳሰባቸውም ይኸው ነው።

በአሜሪካ ያለ ሐበሻ ጋራዡን መኪና ብቻ ቢያሳድርበት ኖሮ ስለ ወለሉ ይህን ያህል ማውራት ባላስፈለገ። ግን በአውሮራም፣ በሜሪላንድም፣ በሚኒሶታም የሐበሻ ቤት ጋራዥ ሁለተኛ ማድ ቤት ነው። እንጀራ እዚያ ይጋገራል፤ እንፋሎቱና የሊጡ ሽታ ምንጣፍ ለብሶ የኖረ ሳሎን ውስጥ እንዳይገባ። ቅቤ እዚያ ይነጠራል። ዕጣንም እዚያ ቢጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ቤቱን በጩኸት አያናጋም። ማኅበር ሲደርስ፣ ክርስትና ሲሆን፣ ለቅሶም ሲቀመጡ ወንበሩ የሚዘረጋው እዚያው ነው። እንግዳ ከበር እንደገባ የሚያየው ታዲያ ምንድን ነው? የዘይት ጠብታ ያጠቆረው፣ ጨው የላጠው፣ ቢጠርጉት ቢጠርጉት አቧራው የማያልቅ ግራጫ ሲሚንቶ።

ጨው ስል የወጥ ጨው አይደለም። የኮሎራዶ መንገዶች በክረምት በረዶ እንዳይጋግሩ ማግኒዥየም ክሎራይድ የተባለ ፈሳሽ ይረጭባቸዋል። መኪናው ያንን በሆዱ ተሸክሞ ይገባል። ሌሊቱን ከጎማው መከለያ ሥር የተጋገረው በረዶ ይቀልጥና ጨዋማው ውሃ ሲሚንቶው ውስጥ ይሰርጋል። ውሃ ቀዝቅዞ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ መውጫ ስለሚያጣ የላይኛውን ገጽ ከውስጥ ይገፋዋል። ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። አውሮራ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በክረምት ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ ይህ መግፋትና መልቀቅ በአንድ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። መኪናው የሚቆምበት ቦታ እንደ ቅርፊት እየተላጠ የሚሄደው በዚህ ነው።

ሽማግሌው በሳንቲም የለኩት ግን ከጨውም የቀደመ ነገር ነው። ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው መሬት ብዙ ቦታ ላይ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ ነው። በውስጡ ያሉት ስሜክታይት የሚባሉ ማዕድናት እጅግ ስስ በሆኑ ንብርብሮቻቸው መካከል ውሃ ያስገባሉ፤ ንብርብሮቹ ይራራቃሉ፤ መሬቱ ይነሣል። ነገሩ በኮሎራዶ የቤት ባለቤቶችን ብዙ ስላስከፈለ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አዲስ ቤት የሚሸጥ ገንቢ ሽያጩ ከመጠናቀቁ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ የአፈር ምርመራውን ማጠቃለያ ለገዢው እንዲሰጥ ያስገድዳል። አባወራው ያ ወረቀት ደርሶት እንደሆነ ጠየቅኩት። ቤቱን ሲገዛ ከፈረማቸው ወረቀቶች መሀል የሆነ ቦታ ይኖራል አለ። ያን ሁሉ ወረቀት ደግሞ ማን ያነባል!

ቤቱ ራሱ አይነቃነቅም። በዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ ቤቶች መሠረታቸው የሚያርፈው አለት እስኪገኝ ወደ ታች በተቆፈሩ የኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ ነው። የጋራዡ ወለል ግን ከግድግዳው ጋር ሳይታሰር በቀጥታ አፈሩ ላይ የተዘረጋ ኮንክሪት ነው፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አፈሩ ሲያብጥ ወለሉ ብቻውን ይነሣል፣ ቤቱን ይዞ አይነሣም። ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳው ግን ይተርፋል።

ልጃቸው ይህን ሲያስረዳቸው ሽማግሌው አላስጨረሱትም። «ብላክ ኮተን ነዋ!»

ነው። ማዕድኑም ጠባዩም አንድ ዓይነት ነው። ብላክ ኮተን የሚሉት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት የሚሸፍነው ጥቁር አፈር፣ ክረምት የሚጨቀይ፣ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ለጤፍና ለሽምብራ የሚመሰገን፣ ለመንገድና ለቤት ግን መከራ የሆነ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ በተለይ ወደ ቦሌና አቃቂ በኩል፣ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ያለው ልማድ ጥቁሩን ቆርጦ ማውጣትና በቦታው ሰሌክት ማቴሪያል የሚባለውን የተመረጠ ሙሌት ሞልቶ መጠቅጠቅ ነው።

«እኛ ቆርጠን እንጥላለን» አሉ ሽማግሌው። «እናንተ ደግሞ ፕላስቲክ ታለብሱታላችሁ?»

ልጁ ሳቀ። ወለሉን ሊያነጥፍ የመጣው ባለሙያ ግን አልሳቀም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ በአውሮራና በዴንቨር የሐበሻ ቤቶች ወለል በማንጠፍ የሚተዳደር ልጅ ነው፤ ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ መሆኑ ገብቶታል። ተሠርቶ ያለቀን ቤት አፈር ማን ይቆርጣል? እዚህ ሊወሰን የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ ምን ይቀመጥ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኢፖክሲ ነው። ያበራል፣ በሥዕል ላይ ያምራል። ባለሙያው ከሳምንት በፊት መጥቶ ከእያንዳንዱ ጎኑ 18 ኢንች የሆነ የፕላስቲክ ወረቀት ወለሉ ላይ ዙሪያውን በቴፕ ለጥፎ ሄዶ ነበር። ይህ የታወቀ ፍተሻ ነው፤ ቢያንስ ለ16 ሰዓት ይቆይና ይገለጣል። በማግስቱ አባወራው ሲገልጠው የፕላስቲኩ የውስጥ ፊት ጤዛ አውጥቷል። ይህም እርጥበት ከሥር እየመጣ ነው ማለት ነው። ኢፖክሲ እንደዚህ ዓይነት ወለል ላይ ቢቀባ እርጥበቱ ከሥር እየገፋ ያፈነዳዋል፤ ስንጥቁም በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀለሙን ይዞ ይሰነጠቃል። ከመንገድ ትኩስ ሆኖ የገባ ጎማ ደግሞ በደንብ ያልያዘን ቀለም አጣብቆ ያነሣዋል። በዚያ ላይ ሲሚንቶውን በማሽን መፋቅ፣ መቀባት፣ ከዚያም መኪና እስኪገባበት ቀናት መጠበቅ አለ። ወለሉ ደረቅና የማይነቃነቅ ለሆነለት ሰው ኢፖክሲ መልካም ነገር ነው። እዚህ ቤት ግን ገንዘብ መበተን ይሆን ነበር።

ሴራሚክም ታስቦ ነበር፤ እማወራዋ የሳሎኗን ወለል እያየች። ሴራሚክ በስሚንቶ ከወለሉ ጋር ይጋባል፤ ወለሉ የሆነው ሁሉ ይሆንበታል። ሽማግሌው እጃቸውን አወዛወዙ፣ ይህን ለማስረዳት ምንም አላስፈለገም።

ባለሙያው ከካርቶኑ ሁለት ታይል አወጣና እሳቸው ፊት ሰካቸው። ጠቅ አለ። አዟዙሮ ሥራቸውን አሳያቸው። ታይሉ ከእያንዳንዱ ጎኑ 12 ኢንች ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ኢንች ይሆናል። በሁለት ጎኖቹ ቀለበት ቀለበት ያወጣ ነው፤ በሌሎቹ ሁለት ጎኖች ደግሞ እነዚያ ቀለበቶች ውስጥ የሚገቡ ችካሎች ከሥር አሉት። ሆዱ ድፍን አይደለም፣ በብዙ ትንንሽ እግሮች የቆመ ነው፤ በእግሮቹ መካከል አየርም ውሃም ያልፋል። ሁለቱን የተሰካኩ ታይሎች አንሥቶ መጋጠሚያቸው ላይ በጥቂቱ ወደ ላይ፣ በጥቂቱ ወደ ታች አጠፋቸው። አልተላቀቁም።

ሽማግሌው ተቀብለው እሳቸውም አጠፏቸው። ደጋግመው። ቆይተው፣ «ኮብልስቶን በለኛ!» አሉ። «ያም እኮ አሸዋ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲሰምጥ ትነቅለዋለህ፣ አሸዋ ጨምረህ ያንኑ ድንጋይ ትመልሰዋለህ። አስፋልት ቢሆን ትቆርጠዋለህ፣ ትለጥፈዋለህ፣ ይታወቃል።»

እኔም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከሻጮቹ አፍ አልሰማሁም። ሻጮቹ የሚያወሩት ስለ ጥንካሬው ነው፤ ስንት ቶን እንደሚሸከም፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የዚህ ታይል ዋና ሙያ ግን አለመጣበቁ ነው። አፈሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ በየ12 ኢንቹ መጋጠሚያ ስላለው ለመታጠፍ መሰበር አያስፈልገውም።

ዘሩን ለሚጠይቅ፣ ታይሉ የመጣው ከስፖርት ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በዩታዋ ሶልት ሌክ ሲቲ የተቋቋመው ስፖርት ኮርት በየሰዉ ጓሮ የቅርጫት ኳስና የቴኒስ ሜዳ በመሥራት ነው የታወቀው፤ እየተሰካካ የሚነጠፍ የፕላስቲክ ሜዳ ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ዛሬ ታዋቂ ከሆኑት የጋራዥ ታይል ስሞች አንዱ የሆነው ሬስዴክም የዚያችው ከተማ ልጅ ነው።

ታይሉ በሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ይሠራል፤ ልዩነቱን ሳያውቁ መግዛት ኋላ ያስቆጫል። አንዱ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ደረቅ፤ ዘይትም ቤንዚንም ቢፈስበት ይጠረጋል። ሌላው ፒቪሲ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ሲረግጡት የማይጮኽ፣ ለእግርም የሚመች፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንቆቅልሽ ጥርስ የሚጋጠም። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ኬሚካልና የጎማው ውስጥ ኬሚካሎች ግን አይስማሙም። መኪና ብዙ ቀን በቆመበት ቦታ ቡናማ የጎማ ማኅተም ይቀራል፤ በምንም ቢታጠብ አይለቅም። ጋራዡን ስፖርት መሥሪያ ላደረገው ሰው ፒቪሲ ይሻላል። መኪና ለሚያሳድር ፖሊፕሮፒሊን። እዚህ ቤት የተገዛው ደረቁ ነው።

ክርክሩ የተነሣው በቀዳዳው ላይ ነው። ፖሊፕሮፒሊኑ ሁለት መልክ አለው፤ ፊቱ ድፍን የሆነና ወንፊት የሆነ። ባለሙያው መላውን ጋራዥ በወንፊቱ ሊያለብስ ነበር ሐሳቡ፤ ጨዋማው የበረዶ ውሃ በቀዳዳው ወርዶ በተዳፋቱ ወደ በሩ እንዲሄድ፣ ወለሉም ከላይ ደረቅ ሆኖ እንዲውል። ለመኪና ማቆሚያ ይህ ትክክል ነው። እማወራዋ ቡና ይዛ ስትመጣ ግን አንዱን ታይል አንሥታ በቀዳዳው ወደ ሰማይ አየች።

«እዚህ ላይ ነው የምጋግረው?»

«አዎ እህቴ፣ ምጣድሽ ያው ጥጉ ጋ ይሆናል።»

«ሊጥስ ሲንጠባጠብ?»

ባለሙያው መልስ አላገኘም። ስለ ዘይት፣ ስለ ጨው፣ ስለ በረዶ ሁሉ መልስ ነበረው። የጤፍ ሊጥ በቀዳዳው ገብቶ፣ ከታይሉ እግር መካከል ተቀምጦ፣ በሐምሌ ሙቀት ሲኮመጥጥ ምን እንደሚሸት የትኛውም የአምራች መመሪያ አይናገርም። አባወራው መኪናውን አስነሥቶ ሄዶ ሁለት ካርቶን ድፍን ታይል ይዞ መጣ። ሁለቱ ዓይነት እርስ በርስ ስለሚሰካኩ ችግር የለም፤ ከኋላ ግድግዳ ጀምሮ ያለው የምጣዱ ወገን ድፍን፣ መኪናው የሚቆምበት ወንፊት ሆነ። በኋላ ሳስበው፣ ምጣድ ባይኖርም ሥራ መሥሪያ ጠረጴዛ ላለው ሰው ሁሉ ይኸው ነው መፍትሔው። በወንፊት ታይል ላይ የወደቀ ትንሽ ብሎን ተመልሶ አይገኝም።

ሥራው የተጀመረው በመጥረግ ሳይሆን በማጠብ ነው። የዘይቱ ጠብታ በሳሙናና በብሩሽ ተፈተገ፤ ለመታየት አይደለም፣ ሥሩ ከቀረ ይሸታል። ስንጥቁ ላይ ከፍ ያለው ወገን በአንድ ቦታ ከሩብ ኢንች በላይ ስለነበር ባለሙያው በመፍጫ አለዘበው፤ ከዚያ ያነሰውን ታይሉ ራሱ ይሻገረዋል። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበትም በመለጠፊያ ስሚንቶ ተሞላ። ሥሩ ባዶ የቀረ ታይል በተረገጠ ቁጥር ይጮኻል።

ከዚያ ልኬት። የጋራዥ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ግድግዳ ተከትሎ የነጠፈ ሰው ኋላ ላይ ጠማማ ነው የሚያጋጥመው። የበሩ መክፈቻ መሀል ተለካ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ግድግዳ በቾክ የተነከረ ክር ተወጥሮ ሰማያዊ መስመር ተመታ። መስመሩ ከበሩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱን ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ያረጋገጡት፦ በአንዱ ወገን 3፣ በሌላው 4 ጫማ ለክተው፣ አግድሙ 5 መምጣቱን አይተው። ስኳድራ ቢቀርብላቸውም አልተቀበሉም።

የመጀመሪያው ረድፍ በበሩ አፍ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ሁሉም ሙሉ ታይል ይሆናል፤ የሚቆረጠው ወደ ኋላና ወደ ጎን፣ ዕቃ በሚሸፍነው በኩል ይቀራል። ቀለበቶቹ ወደ ውጭ፣ ወደ በሩ ይመለከታሉ፤ ምክንያቱም መኪና ሳይደናቀፍ የሚወጣበት ተዳፋቱ ጠርዝ የሚሰካው በእነሱ ላይ ነው። ይህን የገለበጠ ሰው የመጨረሻው ታይል ላይ ደርሶ ጠርዙ አልሰካ ሲለው ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሥራው ዜማ ያዘ። ታይሉ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ጎኖቹ ይገጣጠማሉ፣ ጥጉ ላይ በተረከዝ ይረገጣል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅጠቅ። ልጆቹም ገቡበት። ተመራቂዋ መሀሉ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እንዲሆን ጠይቃ ነበር፤ አባቷ ደግሞ ቤቱ ሲሸጥስ አለ። ግራጫና ጥቁር ሆኖ፣ በምጣዱ በኩል ብቻ ሦስት ረድፍ ባለቀለም ተፈቀደላት። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ባለሙያው ከጋራዡ ማዶ ሆኖ ሰማው፤ «እሱን አንሡት» አለ። ችካሉ ቀለበቱ ውስጥ ሳይገባ ተጣሞ ከሥር ተኝቷል። በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ አነሡት፣ ችካሉ ተቃና፣ እንደገና ተረገጠ። ያ ባይስተካከል ከሳምንት በኋላ መኪናው ሲያልፍበት ይሰበር ነበር።

20 በ20 ጫማ ለሆነ የሁለት መኪና ጋራዥ 400 ታይል ይገባል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ተነጠፈ። ከዚያ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ መቁረጥ መጣ።

ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ፈጥኖ የሚሄድ የጂግሶ ምላጭ ደግሞ ያን ሙቀት በቀላሉ ይፈጥራል። ባለሙያው አንዱን ታይል በጥድፊያ ሲቆርጥ ፕላስቲኩ ከምላጩ ኋላ መልሶ ተጣበቀ፤ ቆርጦ ጨረስኩ ሲል ታይሉ አንድ ነበር። ምላጩን ደንደን ባለ ጥርስ ለወጠ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ። ለበሩ መቃን ቅርጽ መጀመሪያ ካርቶን ቀድዶ ለካበት፣ ከዚያ ነው ታይሉን የቆረጠው።

ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ጉድለት ያሉትን አገኙ። የኋላው ረድፍ ከግድግዳው ጋር አልደረሰም፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። «ልጄ፣ ይሄ አጠረብህ።»

«ሆን ብዬ ነው አባባ» አለ። «በበጋ ያድጋል።»

ፕላስቲክ ሲሞቅ የሚረዝመው ከኮንክሪት በአሥር እጥፍ ያህል ነው። 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ገደማ የሆነ ንጣፍ በክረምቱና በበጋው መካከል ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢለዋወጥ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከፊሉን መጋጠሚያዎቹ ይውጡታል፤ የቀረው ግን መሄጃ ካጣ መሀሉን ወደ ላይ ያሳብጠዋል፤ በተለይ በሩ ክፍት ሆኖ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት የፊት ወገን። ስለዚህ በየግድግዳው ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች ይተዋል፤ መልኩ የሚያሳስበው ሰው ከግድግዳው ጋር ብቻ በተያያዘ ዞኮሎ ይሸፍነዋል። ከባድ ሳጥንና መደርደሪያም ታይሉ ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ ንጣፉን እንደ ሚስማር ይቸነክረዋል።

ሽማግሌው ክፍተቱን ከተቀበሉ በኋላ የውሃ ማሞቂያውን ጠየቁ፤ ለምን መድረክ ላይ ወጣ? ይህም ከወለሉ ጋር የተያያዘ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሳባል። ስለዚህ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድ ጋራዥ ውስጥ ያለ ማሞቂያ እሳት የሚጭርበት ክፍል ከወለሉ 18 ኢንች ከፍ እንዲል ያዛል። ወለሉ ወደ በሩ እንዲያዘነብል፣ ከማይቀጣጠል ነገርም እንዲሠራ የሚያዘው በዚያው ምክንያት ነው። ታይሉ የሚነጠፈው በዚያ ወለል ላይ ነው እንጂ በእሱ ፈንታ አይደለም፤ እሳት ከደረሰበት ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው። ጋራዡ ውስጥ ብረት የሚበይድ ሰው ይህን ታይል ባያስበው ይሻለዋል። ለምጣዱም ቢሆን ጠረጴዛው የብረት እግር ያለው ሆኖ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ወለል ላይ እንዳይጎተት ባለሙያው አደራ ብሏል።

የመጨረሻው ታይል ገብቶ፣ ጭብጨባውም አልቆ፣ አባወራው የበሩን ቁልፍ ተጫነ። በሩ ወረደ፣ ነካ፣ ተመልሶ ወጣ። ደገመው፤ ተመልሶ ወጣ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የተሠሩ የጋራዥ በር ሞተሮች ሰው ሥር ቢገኝ እንዲመለሱ ተደርገው እንዲሠሩ ግድ ነው። ሞተሩ የሚያውቀው የድሮውን ወለል ነው፤ አዲሱ በግማሽ ኢንች ቀድሞ ሲያገኘው ዕንቅፋት መሰለው። የሞተሩ የመውረጃ ልክ በብሎን መፍቻ በትንሹ ተስተካክሎ ነገሩ አለቀ። ሥራው ቀላል ነው፤ ግን ይህን የማያውቅ ሰው በሩን ለማሠራት ባለሙያ ጠርቶ ገንዘብ ያወጣል።

ገንዘብ ከተነሣ፦ ይህ ዓይነት ታይል ብዙውን ጊዜ በካሬ ጫማ ከ3 እስከ 6 ዶላር ያወጣል። ለዚህ ጋራዥ ጠርዙን ሳይጨምር ከ1,200 እስከ 2,400 ዶላር ማለት ነው። ከቀለም በእጅጉ ይወደዳል። ደግሞም እንከን የሌለው አይደለም። ባለ ተረከዝ ጫማ ለብሶ የሚገባ እንግዳ ከሩቅ ይሰማል። መኪና በክሪክ ተነሥቶ ሲደገፍ ከድጋፉ ሥር ጣውላ ካልገባ ታይሉ ይሰረጉዳል። ወንፊቱ ሥር የሚጠራቀመው ጨውና አሸዋ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጸደይ፣ ጥቂት ረድፍ አንሥቶ በውሃ መግፋት ይፈልጋል፤ ያን የማያደርግ ሰው ሲሚንቶውን ደብቆታል እንጂ አላዳነውም። በሌላ በኩል አንዱ ታይል ቢበላሽ የሚለወጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ከተገዛው ከ5 እስከ 10 በመቶ ትርፍ ማስቀመጥ ይበቃል። ቤቱ ሲሸጥም ተነቅሎ፣ ካርቶን ገብቶ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። እንደ ገባኝ አባወራውን ያሳመነው ይሄ የመጨረሻው ነው።

ዕቃው ወደ ውስጥ ሲመለስ ሽማግሌው አልነበሩም። ከቤቱ ጎን፣ ስንጥቁ በሚጀምርበት ጥግ በኩል፣ ውጭ ቆመው ተገኙ። የጣሪያው አሸንዳ ቱቦ ጥጉ ላይ ወርዶ እዚያው ግድግዳው ሥር ያበቃል። መሬቱ በውሃው ብዛት ጎድጎድ ብሏል። ከቱቦው ቀጥሎ፣ በግድግዳው ርዝመት፣ ለምለም መደብ አለ፦ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ቃሪያ፣ ጎመን።

«ይሄን ማታ ማታ ማን ነው የሚያጠጣው?»

አባወራው ወደ ቤቱ ዞሮ አየና ዝም አለ።

እንዲህ ባለ አፈር ላይ የተሠራ ቤት የጣሪያ ውሃ ከመሠረቱ ቢያንስ 5 ጫማ ርቆ መፍሰስ አለበት፤ ከግድግዳው ሥርም ውሃ የሚጠጣ ተክል አይተከልም። የቱቦ መቀጠያው ጥቂት ዶላር ነው። አባወራው ከሕንፃ መሣሪያ መደብሩ በዚያው ቀን ገዝቶት መጣ፤ ሽማግሌው ራሳቸው ውሃ ልክ ይዘው አቅጣጫውን አስያዙት።

ስለ መደቡ ለእማወራዋ የነገሯት ሽማግሌው ናቸው፤ ልጃቸው አልደፈረም። ጎመኑንና ቃሪያውን ወደ አጥሩ ለማዛወር እሺ አለች። ጤና አዳሙን በተመለከተ ግን፣ ያለ እሱ የምርቃት ቡና እንደማይጠጣ፣ አሁን ቢነቀል እንደሚደርቅ፣ ስለዚህ ከድግሱ በፊት ማንም እንዳይነካው ተናገረች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚመለሱበት ቲኬት ከምርቃቱ አሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለኝ ብለው።